ጠዋት አምጪው

ወንድሜ የሰው ጣት ሲሰብር አጠገቡ ቆሜ ነበር። ዱላው የእሱ ነው። ዱላውን ያስነሳው ቃል ግን የእኔ ነበር። ይህን አስቀድሜ የምናገረው፣ ኋላ ወሬዬን እየሰማችሁ «ምስኪን፣ እሷ ምን አጠፋች» እንዳትሉኝ ነው። ወሬ ሳወራ ራሴን አሳምሬ ማስቀመጥ እንደምወድ የሚያውቁኝ ያውቁታል።

እንቁላል አከፋፋይ ነኝ። ማለዳ ተነስቼ አስኮ ካለ የዶሮ እርባታ እንቁላል እጭንና፣ በኮልፌ አሥራ ስምንት ማዞሪያ በኩል አድርጌ ቤቴል ላሉ ካፌዎች አደርሳለሁ። ካፌ እንቁላል የሚፈልገው ለቁርስ ነው። ሁለት ሰዓት ካለፈ ሌላ አምጪ ይጠራል፤ አንዴ ሌላ ከለመደ ደግሞ በልመናም አይመለስልሽም። በፊት በፊት ካርቶኑን ጭኔ ላይ አድርጌ በታክሲ ነበር የምሄደው። ሾፌሩ ጉድጓድ በገባ ቁጥር እንደ ነፍሰ ጡር ሆዴን አቅፌ «ቀስ በል የኔ ወንድም!» ስል የሚስቅብኝ ሰው ብዙ ነበር። ያ ሳቅ ሲበዛብኝ ነው የኤሌክትሪክ ስኩተር የገዛሁት።

እናቴ ከደቡብ ምዕራብ በልጅነቷ መጥታ ኮልፌ ላይ ነግዳ ያሳደገችን ሴት ናት። ጌታን ከተቀበለች ወዲህ ሳትጸልይበት ቤት የሚገባ ዕቃ የለም። ፍሪጁ ተጸልዮበታል። ቴሌቪዥኑ ተጸልዮበታል። ታናሽ ወንድሜ አጠና ተራ የጭነት ሥራ የያዘ ዕለት ጫማው ሳይቀር ዘይት ተቀብቷል። ስኩተሩ በመጣ ቀን ደግሞ ሁለት እጇን መሪው ላይ ጭና እስኪመሽ ጸለየችበት። ከዚያ ወዲህ በየማለዳው ሳልወጣ ትቀድመኝና፣ ዘይት የያዘች ሲኒዋን ይዛ እጀታውን፣ የፍሬኑን ማንሻ፣ መጋጠሚያውን ሁሉ ትቀባዋለች።

«እማዬ፣ ጓንቴ እኮ ቅባት በቅባት ሆነ!»

«ቅባት ይሻልሻል ደም?»

ጓንቴን እያጠብኩ ኖርኩ።

ኅዳር አጋማሽ ላይ፣ ብርዱ አጥንት ሰብሮ ሲገባ፣ ስኩተሩ ታመመ። ነገሩ በባትሪ ነው የሚሄደው፤ እኛ ግን እንደ ሞተር ሳይክል «ነዳጅ ስጪው» ነው የምንለው። እና እጀታውን ጠምዝዤ ነዳጅ እሰጠዋለሁ፤ ዝም። መብራቱ አለ፣ ክላክሱ ይጮሃል፣ ጎማው ግን የሞተ ነው። መንገድ መሃል እቆማለሁ። ከኋላዬ ያለው ሁሉ እናቴን እያነሳ ይሰድበኛል። ከዚያ ድንገት፣ አንድ ጉድጓድ ያናውጠውና ይነሳል፤ ሲነሳ ደግሞ እንደ በሬ ወደፊት ይወረወራል። አንድ ቀን አንድ ሽማግሌ ልረግጥ ለጥቂት ቀረኝ፤ በከዘራቸው ጀርባዬን አንዴ አቀመሱኝ። አልቀየምኳቸውም።

ማዞሪያው አጠገብ ባለው የሱቆች መደዳ አንድ መካኒክ ነበር። ነበር አልኩ እንጂ አሁንም አለ። ወሬ የማያበዛ፣ ሥራ ላይ ሲሆን ለራሱ የሚያንጎራጉር፣ ፀጉሩ የሸበተ ሰው ነው። እንቁላሌን ጨርሼ፣ ቀትር ላይ ወሰድኩለት።

«ምን ሆነ?»

«ነዳጅ ስሰጠው አይቀበልም።»

እጀታውን ጠመዘዘ። ጎማው ፉር አለ። «ይኸው ተቀበለ።»

«አሁን ነዋ! ጠዋት ነው የሚያምፀው።»

«እህቴ፣ አንቺን ነው የሚንቀው ማለት ነው» አለና ሳቀ።

ቢሆንም አልናቀኝም። ወንበሩን አንስቶ የባትሪውን ሶኬት አየ፣ አጠበቀ። መሪውን ግራና ቀኝ እያዞረ ገመዶቹን አንድ በአንድ ዳበሳቸው። ተሳፍሮበት ማዞሪያውን ሁለቴ ዞሮ መጣ። ምንም የለውም። በማግስቱ ጠዋት ስኩተሩ ቆመብኝ። ቀትር ላይ መለስኩለት፤ ደህና ነው። ለሦስተኛ ጊዜ ስሄድ የነዳጅ እጀታውን ራሱን አውጥቶ በሌላ ቀየረው፤ አሮጌውንም መደርደሪያው ላይ አኖረው። ስወጣ እጁን በጨርቅ እየጠረገ እንዲህ አለኝ፦

«ስሚኝ እህቴ። በሽታው ጠዋት ከሆነ ጠዋት አምጪው። ጤነኛ እያሳየሽኝ ምን አክምልሽ?»

«ጠዋት እንቁላል አለብኝ።»

«እንግዲያስ ተቻችላችሁ ኑሩ።»

አላመጣሁትም። ቀላሉን ነገር አላደረግኩትም። አንድ ጠዋት ብቀር አንድ ካፌ አጣ ነበር፤ ከዚያ በላይ ምንም አልነበረም።

በዚያው ሳምንት ከአስኮ ወርጄ ማዞሪያው ላይ ስደርስ ፍሬን ያዝኩ፣ ለቀቅኩ፣ ነዳጅ ሰጠሁት። ዝም። ከኋላዬ ሚኒባስ ነበር። የሰማሁት የጎማ ጩኸት ነው፤ ከዚያ ወገቤ ላይ አንድ ነገር ገፋኝ፣ ከዚያ አስፋልቱ ጉንጬን ላጠው። ካርቶኖቹ በላዬ አልፈው ተበተኑ። ቀና ስል መንገዱ ቢጫ ሆኗል፤ እኔም ቢጫ ነኝ፤ ከአፌ የሚወርደው ግን ቀይ ነበር።

ወያላው ዘሎ ወረደ። ያነሳኝ መስሎኝ እጄን ዘረጋሁለት። በጃኬቴ አንገት ያዘኝና በጥፊ አጮለኝ።

«መሃል መንገድ ላይ ፍሬን ይዘሽ ትቆሚያለሽ? ልታስጨርሺን ነው?»

«አልያዝኩም! ፍሬን አልያዝኩም!»

«ቀይ መብራትሽን አይተናል አንቺ ውሸታም!» ደገመኝ።

ሄልሜቴን አወለቅኩና ባለኝ ኃይል አፍንጫው ላይ ሰነዘርኩ። ሰው ስመታ የመጀመሪያዬ ነው። ደሙ ሲወርድ ሳየው፣ እውነቱን ልናገር፣ ደስ አለኝ። ሴቶቹ ተሳፋሪዎች «ኧረ በሕግ አምላክ!» ይላሉ፤ ከመስኮት «በላት!» የሚልም አለ። ወያላው ሴቶቹ መሃል ገብተው ከእኔ ሲያርቁት ንዴቱን ስኩተሩ ላይ ተወጣ፤ የወደቀበት ሄዶ መሪውን በጫማው ረገጠው። ያኔ ስኩተሩ ነፍስ ዘራ። እጀታው እንደተጠመዘዘ አስፋልቱ ላይ ተጣብቆ ስለነበር ጎማው በሙሉ ኃይሉ ተሽከረከረና፣ የሱሪውን እግር ነክሶ እስከ ጉልበቱ ተረተረው። ሰውዬው በአንድ እግሩ እየዘለለ ጮኸ። ያየ ሁሉ ሳቀ፤ እኔም በተሰነጠቀ ከንፈሬ ሳቅሁ። ሾፌሩ «ና ግባ!» ብሎት ተፈተለኩ። ታርጋቸውን እንኳን አላየሁም።

ስኩተሩን እየገፋሁ ቤት ደረስኩ። የኋላ ጭቃ መከላከያው ተሰብሯል፤ መብራቱ ተርፏል። ወንድሜ ቁርስ ሊበላ መጥቶ በር ላይ አገኘኝ። ቁመቱ ከሚሸከመው አጠና አይተናነስም፤ እኔን ግን እስካሁን እንደ ሕፃንነቱ ነው የሚጠራኝ።

«እትዬ! ማነው?»

ወያላው ነው ማለት እችል ነበር። ግን ወያላው የት ይገኛል? ቁጣ አድራሻ ይፈልጋል። እኔ አድራሻውን የማውቀው አንድ ሰው ብቻ ነበር።

«ያ መካኒክ ነው» አልኩ። «ደህናውን እጀታ አውጥቶ የተበላሸ ገጠመብኝ። ዕቃዬን ቀየረብኝ።»

አላየሁም። አልጠረጠርኩም እንኳን። ከአፌ ሲወጣ ግን እውነት ይመስል ነበር። እናቴ ከውስጥ «ሌባ! ልጄን ሊገድላት!» ብላ ስትጮህ ደግሞ የባሰ እውነት ሆነ።

ወንድሜ ከግቢው ጥግ የአጠና ቁራጭ አነሳ። ተከተልኩት። ላስቆመው አልነበረም የተከተልኩት፤ ለማየት ነው።

መካኒኩ አጭሯ የእንጨት ዱካው ላይ ተቀምጦ የሆነ የማርሽ ጥርስ በቤንዚን እያጠበ ነበር። ቀና ብሎ አየኝና መሳሪያውን አስቀመጠ። «ውይ እህቴ! ፊትሽ ምን ሆነ?» አለ። የመጀመሪያው ዱላ ይህን ብሎ ሳይጨርስ ትከሻው ላይ አረፈ። ሁለተኛው ጀርባውን አገኘው። ከዱካው ተንከባሎ ወደቀና ራሱን ለመከላከል ግራ እጁን አነሳ። ሦስተኛው እጁ ላይ ነበር። ድምፁ ትንሽ ነው፤ እንቁላል የሳህን ጠርዝ ላይ ሲመታ የሚሰማው ዓይነት። በቀን ስንቴ የምሰማው ድምፅ ነው፤ ከዚያ ቀን ወዲህ ግን በሰማሁት ቁጥር ጥርሴን እነክሳለሁ።

እኔ ምን እያደረግኩ ነበር? እየጮህኩ ነበር። «ሌባ ነው! የሰው ዕቃ ይቀይራል! ሌባ!» የመደዳው ሰው ሁሉ ወጥቶ ሰማኝ። ጎረቤቱ ያለው ብረት በያጅ ወንድሜን ከኋላ አንቆ ጣለው፣ ሌሎቹ እየረገጡ ያዙት፣ ጥርሱን ደም በደም አደረጉት። ፖሊስ መጣ። መካኒኩ የተጣመሙ ጣቶቹን በሌላው እጁ ይዞ፣ ከንፈሩ ነጭ ሆኖ፣ እኔን ብቻ ነበር የሚያየው።

«ጠዋት አምጪው አላልኩሽም?» አለኝ።

ወንድሜ ጣቢያ ገባ። የመካኒኩ ሁለት ጣቶች በጀሶ ታሰሩ። የእናቴ ቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች «እናስታርቃለን፤ አቤቱታውን ካነሳ ልጁ ይወጣል» ብለው ተቀመጡ። በበነጋታው በመደዳው በኩል ሳልፍ ሁለት ሰዎች ሞተራቸውን ከእሱ ደጅ እየገፉ ሲያወጡ አየሁ። አንዱ ለሌላው «ይቀይራል አሉ» ሲለው ሰማሁ። የኔ ቃል ነው፤ ከአፌ ወጥቶ በሌላ ሰው አፍ ሲዞር አገኘሁት። ያኔም «ይበለው» ብዬ አለፍኩ።

በሦስተኛው ቀን ማለዳ እንቅልፍ አልወስድ ብሎኝ ወደ ግቢ ወጣሁ። ብርዱ ይቆረጥማል። «ጠዋት አምጪው» የሚለው ነገር ከጆሮዬ አልወጣ ብሎኛል። ስኩተሩን በማቆሚያው አቁሜ፣ የኋላ ጎማውን ከመሬት አስለቅቄ ቁልፉን ከፈትኩ። ፍሬኑን ያዝ ለቀቅ አደረግኩ፤ ነዳጅ ሰጠሁት። ዝም። ይኸው፣ ታሟል። ግቢው ገና ጨለምለም ስላለ ነው ያየሁት፤ ከኋላዬ ያለው ግድግዳ ቀልቷል። ዞር አልኩ። የፍሬኑ መብራት ቦግ ብሎ በርቷል። እጄ ግን ፍሬን ላይ የለም።

«ቀይ መብራትሽን አይተናል አንቺ ውሸታም!» ወያላው አልዋሸም። እኔም አልዋሸሁም። የዋሸው ስኩተሩ ነበር፤ ፍሬን እንደተያዘ ነው የሚያስበው። ፍሬን ተይዟል ካለ ደግሞ ነዳጅ አይቀበልም።

የፍሬኑን ማንሻ ተጠግቼ አየሁት። መጋጠሚያው ሥር ፍሬን መያዙን የምትናገር፣ ምስር የምታክል ቁልፍ አለች። ማንሻው ሲመለስ እሷም ተስፈንጥራ መውጣት አለባት፤ አልወጣችም። ዙሪያዋን እንደ ሻማ ያለ ነጭ ነገር ይዟታል። በጥፍሬ ጫርኩና አሸተትኩት። ወጥ ቤታችንን ሸተተኝ።

«ዛሬ ደግሞ ቀደምሽኝ?» አለች እናቴ ከኋላዬ።

ሲኒዋን ይዛለች። ሲኒው ውስጥ ዘይቱ ረግቶ ነጭ ሆኗል፤ በጣቷ እያሸች ልታሟሟው ትሞክራለች። ከቤተ ክርስቲያን ያመጣችው የወይራ ዘይት ካለቀ ቆይቷል ለካ። የምትቀባው የምንበላውን፣ ያንን ብርድ ሲነካው የሚረጋውን ዘይት ነው። ማለዳ ይረጋል፤ ቀትር ላይ ፀሐይ ሲመታው ይቀልጣል። መካኒኩ ጋ የሚደርሰው ደግሞ ሁልጊዜ ቀትር ላይ ነው።

«እማዬ፣ ዘይቱ ነው» አልኳት። «ያንቺ ዘይት ነው።»

ሲኒውን ወደ ግራ እጇ አዛወረችና በቀኟ በጥፊ መታችኝ፤ የቆሰለውን ጉንጬን። ከልጅነቴ ወዲህ መትታኝ አታውቅም።

«የቀባሁትን ጌታ ያበላሻል ነው የምትዪኝ?»

«ጌታ አላበላሸውም። ብርዱ ነው። ነይ እዪ።»

መልስ አልጠበቅኩም። ተንበርክኬ አፌን ወደ ቁልፏ አስጠግቼ ትንፋሼን ለቀቅኩባት፤ ሃ፣ ሃ፣ እንደ ቀዘቀዘ እጅ። ብዙ ቆየሁ። ከዚያ ጠቅ አለች። ግድግዳው ላይ የነበረው ቅላት ጠፋ። ነዳጅ ሰጠሁት፤ ጎማው እየጮኸ ዞረ። እናቴ ያንን ድምፅ ስትሰማ በግራ እጇ ያለውን ሲኒ ቁልቁል አየችው። ከዚያ ደረቷን በቡጢ ትመታ ጀመር፤ ድው፣ ድው። እጇን ያዝኩት።

ስትረጋጋ ቀስ ብላ «መጀመሪያ ልጄ ይውጣ» አለች። «ሽማግሌዎቹ ዛሬ ይሄዳሉ። ከወጣ በኋላ እንነግረዋለን።»

«ከወጣ በኋላማ እንተወዋለን እማዬ። እኔ ራሴን አውቀዋለሁ።»

«እውነቱን ሰምቶ አቤቱታውን ባያነሳስ? ልጄ እዚያው ቢቀርስ?»

ፍሬኑን አንዴ ያዝ ለቀቅ አደረግኩ። ቀይዋ በርታ ቀረች። ስኩተሩን ከማቆሚያው አውርጄ መግፋት ጀመርኩ። በሩ ጋ ስደርስ የእናቴን ኮቴ ሰማሁ። ነጠላዋን ደርባለች፤ ሲኒዋን አልጣለችም።

መካኒኩ ሱቁን ገና እየከፈተ ነበር፤ በአንድ እጁ። ሲያየኝ ወደ ኋላ ሸሸ። ያ መሸሹ ከጥፊ ይበልጥ አመመኝ።

«ዱላውንስ የት አደረግሽው?»

«ጠዋት አመጣሁት» አልኩ።

ሊያባርረኝ አፉን ከፍቶ ነበር። ግን ዓይኑ ቀይዋ መብራት ላይ ወደቀ፤ ከዚያ ባዶው የፍሬን ማንሻ ላይ፣ ከዚያ እጄ ላይ።

«ፍሬን ይዘሻል?»

«አልያዝኩም።»

ተጠግቶ ተቀመጠ። ካቻቢቴ አነሳ፤ በጀሶ የታሰረው እጁ ማንሻውን ሊደግፍ ሄዶ መሃል ላይ ቆመ። ሳያየኝ «ያዢ» አለ። ያዝኩለት። ብሎኑን ፈታ፣ ቁልፏን አወጣ፣ ነጩን ነገር በአውራ ጣቱ ፈተገ። «ግሪስ አይደለም ይኼ።»

«እኔ ነኝ» አለች እናቴ። ሲኒዋን ዘረጋችለት። «ለበረከት ብዬ ነው። በየቀኑ። ልጆቼን እኔ ነኝ ያሳበድኳቸው።»

ሲኒውን ተቀበላት። አየው። ከዚያ ግድግዳው ላይ ፈጠፈጠው። ስብርባሪው ፊታችን ላይ ተረጨ፤ የረጋው ዘይት ቆርቆሮው ላይ ተለጥፎ ቀረ። እናቴን የሚመታት መስሎኝ መሃል ገባሁ፤ በክርኑ ሲገፋኝ ጎማዎቹ ላይ ተከምሬ ወደቅኩ። አልተነሳሁም። ይመታኝ ብዬ ጠበቅሁት። እጁን አንስቶ፣ የቆመች እናቴን አይቶ፣ የወደቅኩ እኔን አይቶ፣ አወረደው።

«እማማ» አላት፣ ድምፁ ተሰብሮ። «ፀጉሬ የሸበተው እዚህ ዱካ ላይ ነው። የሰው ብሎን ነክቼ አላውቅም። ጣቱስ ይድናል ወይም አይድንም። ስሜንስ?»

እናቴ የሲኒውን ስብርባሪ ልትለቅም ጎንበስ አለች።

«በየሱቁ ይግቡና ይናገሩልኝ። እንዲህ እንደነገሩኝ። አንድም ሳይዘሉ።» ወደኔ ዞረ። «አንቺ እዚህ ያዢልኝ። የጮህሽበት ቦታ ቁሚ፤ ጥያቄ ያለው ይምጣና አንቺን ይጠይቅሽ።»

እናቴ ነጠላዋን አስተካክላ ወጣች። በመጀመሪያ በያጅ ቤቱ ገባች። «ልጄ ደህና አደርክ፤ ያ መካኒክ ንጹህ ሰው ነው። ስኩተሩን ያበላሸሁት እኔ ነኝ፤ ዘይት ቀብቼ። ሌባ ያልነው በውሸት ነው» ስትል በቆርቆሮው በኩል እንሰማለን። በያጁ ሳቀ። ደገመችለት፤ ሳቁን አቆመ። ወጥቶ መጣና እኔን ከላይ እስከ ታች አይቶ፣ እግሬ ሥር ተፋና ተመለሰ። እናቴ ቀጣዩ ሱቅ ገባች። ከዚያ ቀጣዩ። እኛ ቁልፏን በሳሙናና በሙቅ ውኃ እናጥባለን፤ እሱ በአንድ እጁ፣ እኔ የእሱ ግራ እጅ ሆኜ። አያንጎራጉርም። እናቴ በገባችበት ሱቅ ሁሉ እጁን ያቆማል፣ ያዳምጣል፣ ከዚያ ይቀጥላል።

ድምፅዋ ከመደዳው ጫፍ ሲደርስ አልሰማ አለን። ቁልፏን ገጥሞ ፍሬኑን ያዘ፣ ለቀቀ። ቀይዋ በራች፣ ጠፋች። ደግሞ ያዘ፣ ለቀቀ። ከዚያ ተነስቶ ከምስማር ላይ ጃኬቱን አወረደ።

«ወንድምሽ ያለበት ጣቢያ አቤቱታ ማንሳት የሚቻለው ከስንት ሰዓት ጀምሮ ነው?»

እንባዬ ጉንጬን አቃጠለው።

«አታልቅሺብኝ። ሲወጣ እዚህ መደዳ ላይ እንዳላየው። ካየሁት፣ በደህናው እጄ፣ እምልልሻለሁ…»

ሳይጨርሰው ቀረ። ቀኝ እጁን አስገባ። ግራውን ሲሞክር ጀሶው እጅጌው አፍ ላይ ተቀረቀረበት። ፊቱን አጨማደደ፣ ዞር ብሎ አየኝ።

«ምን ትቆሚያለሽ? እጅጌውን ያዢልኝ እንጂ።»

ያዝኩለት።